ከተዘጋው ሱቅ የወጡ መልእክቶች

ውብአየሁ ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው የባሏ የአርባ ቀን ተዝካር በወጣ ሰሞን ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር። የዳንግላ ክረምት እንደ ልማዱ ነጎድጓዱን አስቀድሞ መጣ፤ መብራቱንም ይዞት ሄደ። የእሷ የስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ ስለሆነ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋቷን ቀጠለች። ዝናቡ አባራ፤ መብራቱ ተመለሰ፤ የጎረቤት ሬዲዮ ካቆመበት ማውራት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ከግድግዳው ወዲያ፣ በገዛ እጇ ከቆለፈችው ሱቅ ውስጥ፣ «ጢን» የሚል ድምፅ ተሰማ።

እግሯ መርገጫው ላይ እንዳለ ቀረ።

ደግሞ «ጢን» አለ። ከዚያ አንዱ ሌላውን ሳያስጨርስ ተከታተለ። ውብአየሁ ድምፁን ታውቀዋለች። ዓመት ሙሉ ከዚያው ግድግዳ ወዲያ ስትሰማው ኖራለች። ግን ያኔ ከድምፁ ቀጥሎ የሰው ድምፅ ይመጣ ነበር። አሁን ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ያንን ብትጠብቅ ዝም አለ።

ባሏ ደረሰ ሱቁን የከፈተው ከመናኸሪያው በላይ ባለው መንገድ ዳር፣ ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር በአንድ ግድግዳ በተያያዘች ጠባብ ክፍል ነው። ማመልከቻ ይተይባል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሣል፣ የተበላሸ ኮምፒውተር ይጠግናል። ሰው ሲናገር አይቸኩልም፤ የተናገረውን ሲተይብለትም የራሱን ቃል አይጨምርም። የሞባይል ዳታ በተዘጋ ጊዜ ታዲያ ሱቁ ሌላ ነገር ሆነ። ከተማው ስልኩን በኪሱ ይዞ ቀረ። ደረሰ ከድሮ ያስገባው የኬብል መስመር ነበረው፤ እሱም ቢሆን ቀጭን ነው፤ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ሰሞን ድራሹ ይጠፋል። ቢሆንም ልጁ ዓረብ አገር የሄደችበት፣ ባሏ አዲስ አበባ የቀረባት፣ ሁሉም ወደዚያች ክፍል መጣ።

ደረሰ መጀመሪያ ኢሜይሉን እንደማንም ሰው በሥዕልና በቀለም ባጌጠው ገጽ ሊከፍት ሞክሮ ነበር። ገጹ እስከ ግማሹ ይመጣና ቀጥ ይላል፤ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ያች ክብ ነገር ትሽከረከራለች። ስለዚህ ያንን ተወና በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ የኢሜይል ፕሮግራም ጫነ። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ፊደል፣ ሌላ ምንም የለው። ማውስ እንኳ አይፈልግም፤ ሁሉ ነገር በኪቦርድ ነው። ግን እንዲህ ያለው ፕሮግራም ተጭኖ ወዲያው አይሠራም፤ ምን እንደሚያደርግ አንድ በአንድ ተጽፎ ሊነገረው ይገባል። ደረሰ ትእዛዙን የሚጽፍበትን ፋይል ሲጽፍና ሲሰርዝ፣ ሲያስኬድና ሲበላሽበት ሰነበተ። ማታ እራት እየበላ እንኳ ስለዚያ ያወራ ነበር።

«ሁሉን መልእክት በአንድ ፋይል ብታጠራቅሚው» ይላታል፣ «አንድ ቀን መሀል ላይ መብራት ሲሄድ ሁሉም ይበላሻል። እያንዳንዱ ለብቻው ፋይል ከሆነ ግን የሚበላሸው ያው አንዱ ነው።»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ትለዋለች እየሳቀች።

«አንቺም እኮ ሸሚዝና ሱሪ አንድ ላይ አትሰፊም።»

እንዲህ እያለ አስተካከለው። የሚመጣው መልእክት በየባለቤቱ ስም በተከፈተ ፎልደር ይገባል። አንድ ፎቶ ለብዙ ሰው ከተላከ አንዴ ብቻ ይቀመጣል፤ ዲስኩ ትንሽ ስለሆነ። ያለፈው ዓመት መልእክት ተጨምቆ ይታሸጋል። የሚላከው ደግሞ መስመር ከሌለ «ወጪ» በሚባል ፎልደር ተቀምጦ ይጠብቃል፤ መስመር ሲመጣ በራሱ ይሄዳል፤ አልሄድ ያለውም እስኪሄድ ድረስ ይሞከራል። ኮምፒውተሩንም መብራት በተመለሰ ቁጥር የሰው እጅ ሳይነካው እንዲነሣ፣ ተነሥቶም ወጪውን እንዲልክ፣ ገቢውን እንዲያመጣ አደረገው። አዲስ መልእክት ሲገባ «ጢን» ይላል።

«ጢን» ሲል ደረሰ አንገቱን ቀና አድርጎ «ደረሰ!» ይል ነበር። ወረፋ የያዘው ሰው ይስቃል፤ «ማን? አንተ ነህ መልእክቱ?» ይለዋል።

እሱ የሞተው መስመሩ ጠፍቶ በሰነበተበት ወቅት ነው። ሰው ማስጻፉን አላቋረጠም ነበር፤ የተጻፈው ሁሉ «ወጪ» ውስጥ ቀኑን ይጠብቃል። ደረሰ አሮጌ ፕሪንተር ሊያመጣ ወደ ጫግኒ ወረደ። ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ዳገቱ ላይ ተገለበጠ። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ በተወለደባት ቀበሌ ቤተ ክርስቲያን፣ ከእናቱ ጎን ቀበሩት። ውብአየሁ ከቀብር መልስ ሱቁን ቆለፈችና ቁልፉን ከሳጥኗ ሥር ከተተችው። የቤቱና የሱቁ ቆጣሪ አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ እንደተሰካ መሆኑ ትዝም አላላት። መስመሩ ደግሞ የተመለሰው ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ ይህንንም አላወቀችም።

ክረምት ነውና መብራት ሳይሄድ የዋለ ቀን የለም። መብራት በመጣ ቁጥር ከግድግዳው ወዲያ «ጢን» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁ ሲመጣ ከቤት ወጥታ ደጅ ትቆም ነበር። ቆይቶ መውጣቱን ተወችው። አንድ ቀን የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ሳለ ድምፁ መጣና «ደረሰ» የሚል ሰማች። የተናገረው የገዛ አፏ ነበር። መርፌውን አስቀምጣ ሄደችና የንስሐ አባቷን አባ ጎሹን ጠራቻቸው።

አባ ጎሹ ጸበል ይዘው መጡ። የሱቁ በር ፊት ቆመው ጸሎታቸውን እያደረሱ ሳለ ከውስጥ «ጢን» አለ። ጸሎቱን አቋረጡ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ደገሙና በሩን ረጩት።

«ቁልፉ የት ነው ልጄ?»

«አልከፍተውም አባ። እርስዎ ሰምተውታል።»

«ሰምቻለሁ። የሰማሁት ግን የዕቃ ድምፅ ነው። የደረሰን ነፍስ እኔ በቅዳሴ አሳስባለሁ፤ እሷ እዚህ ምን ትሠራለች? ባይሆን ከፍተሽ እዪው።»

አልከፈተችውም። ያስከፈታት ፀጋው ነው። ፀጋው ከመናኸሪያ ወደ ገበያ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ ጋሪ ነጂ ነው፤ ሸምገል ያለ። ልጁ ሀይማኖት ቤሩት ትሠራለች፤ ለእሷ የሚልከውን የሚያስጽፈው ደረሰ ዘንድ ነበር። ያን ቀን ጋሪውን ከደጇ ራቅ አድርጎ አቆመና ፈረሱን በልጓሙ እንደያዘ ተጣራ።

«ውብአየሁ! ሱቁን ለሰው ሰጥተሻል እንዴ?»

«ኧረ አልሰጠሁም ጋሽ ፀጋው። ይግቡ እንጂ።»

አልገባም። «ልጄ ደውላልኝ ነበር። ‹አባባ፣ የላክኸው ደረሰኝ› አለችኝ። ምን ላክሁ ብላት አነበበችልኝ። እናትሽን ጉልበቷን ተሽሏታል፣ የታመመችው በቅሎም ድናለች ይላል። ያስጻፍሁትስ እኔ ነኝ። የጻፈልኝ ግን ደረሰ ነው፤ በሕይወቱ እያለ። በቅሎዋም ከዚያ ወዲህ ሞታለች።»

ውብአየሁ ዞራ የተቆለፈውን በር አየች።

«ማን ላከው?» አለ ፀጋው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ብቻ አይደለሁም። ገበያ ውስጥ ሌሎችም እንዲሁ እያሉ ነው።»

በማግስቱ ጧት ቁልፉን ከሳጥኗ ሥር አወጣች። ሱቁ ውስጥ የደረሰ ጃኬት ወንበሩ ላይ እንደተሰቀለ ነበር፤ ኪሱ አሁንም እጅ ያለበት ይመስል አብጧል። አቧራው ሁሉን አልብሶታል። ስክሪኑ ብቻ በርቷል። በጥቁሩ ላይ የሰዎች ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ ከየስሙ ፊት አዲስ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት አለ። ቁጭ ብላ ስታነብ የሆነው ሁሉ ገባት። መስመሩ ሲመለስ ማሽኑ የተነገረውን አድርጓል። የሰዉን አደራ አንድ በአንድ ልኳል፤ መልሱን አንድ በአንድ ተቀብሎ በየስሙ አስቀምጧል። የላከው ሰው መሞቱን የነገረው የለም።

ፍርሃቱ እዚያ ላይ መልቀቅ ነበረበት። አለቀቃትም። ነገሩ ምን እንደሆነ ማወቋ ሌላ ፍርሃት አመጣባት፤ ባሏ በዚያች ክፍል ውስጥ አሁንም ሥራ ላይ ነው።

የሰው መልእክት ይዞ መቀመጥ ግን ነውር ነው። ፕሮግራሙን ለመልመድ ደረሰ ትእዛዙን የጻፈበትን ፋይል ከፈተች። ከትእዛዞቹ መሀል በ«#» ምልክት የሚጀምሩ መስመሮች አገኘች፤ ይህ ምልክት ያለበትን መስመር ማሽኑ ዘሎት ያልፋል፤ የሚጻፈው ለሰው ነው። ደረሰ ለራሱ ነበር የጻፈው። «# ይሄ ገቢውን የሚያመጣው ነው።» «# ፎቶ ዲስኩን ይበላዋል፤ ጽሑፉን ለብቻ፣ ፎቶውን ለብቻ።» አንዱ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «# ይሄን መስመር እንዳትነካው። ነክተኸው የሆንከውን ታውቃለህ።» ውብአየሁ ይህን ስታነብ ሳቋ አመለጣት፤ ከሳቁ ውስጥም ለቅሶው መጣ። መስመሩን አልነካችውም።

እንዲህ እንዲህ እያለች ለመደችው። መልእክት ለመጣላቸው ሰዎች አስነገረች። መጀመሪያ በሩቁ ቆመው አስነበቡ፤ በኋላ ገቡ። የራሱን የደረሰን ፎልደር ግን ሳትከፍት ቆየች። በመጨረሻ ከፈተችው፤ ከሁሉ በላይ ያለው ስም ወገኔ ነበር።

ወገኔ የደረሰ ታላቅ ወንድም ነው። እናታቸው የሞተች ጊዜ ለቀብሯ ሳይመጣ ቀረ። መንገድ ተዘግቶበት ነው አሉ፤ ደረሰ አልሰማም፤ «ወንድም የለኝም» አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቃል አልተለዋወጡም። ሚዛን ተፈሪ በአንድ የቡና እርሻ ቢሮ ይሠራል ከሚል ወሬ በቀር ስልኩን እንኳ የሚያውቅ ዘመድ አልነበረም። ስለዚህ ደረሰ ሲሞት መርዶውን ያደረሰለት የለም። ውብአየሁ ያላወቀችው ነገር ቢኖር ደረሰ የወንድሙን የኢሜይል አድራሻ ከአንድ ደንበኛ አግኝቶ፣ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ይቅርታ መጻፉን ነው። ያም መልእክት ከሌላው ጋር «ወጪ» ውስጥ ቆይቶ ሄዷል። መልሱ እንዲህ ይላል፤

«ወንድሜ ደረሰ፣ የጻፍህበት ቀን ሲታይ ቆይቷል፤ መስመራችሁ መጥፎ መሆኑን ሰምቻለሁ። እኔም ይቅር ብያለሁ፤ ይቅር በለኝ። ና ካልከኝ እመጣለሁ። ዝም ካልከኝ ግን ቂሙ አልወጣልህም ማለት ነው፤ አላስቸግርህም።»

ውብአየሁ መልሱን ደጋግማ አነበበችው። ዝም ብትል ሰውየው ወንድሙ እንደተቀየመው አምኖ ይቀራል። ሞቷል ብላ ብትጽፍለትስ? መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ብቻውን፣ በባዕድ አገር፣ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የወንድሙን ሞት ከስክሪን ላይ ያንብብ? ማን ይይዘዋል? ማን አብሮት ያለቅሳል? መምጣት አለበት። የሚመጣው ደግሞ ደረሰ «ና» ካለው ብቻ ነው።

የደረሰን የቆዩ መልእክቶች ከታሸጉበት ፈትታ ማንበብ ጀመረች፤ አጻጻፉን ለመያዝ። ከራሷ አንድ ቃል ልታወጣ አልደፈረችም። ከአንዱ መልእክት አንድ ቃል፣ ከሌላው አንድ ዓረፍተ ነገር ወሰደችና አገጣጠመችው፤ «ጋሼ፣ ደርሶኛል። ቤቱ ያው ነው። ና።» በዚያው በደረሰ ስም ላከችው።

በዚያ ይበቃት ነበር። ወገኔ ግን በማግስቱ ጻፈ። ሐይቁ ውስጥ ስለወደቀችባቸው ፍየል፣ ከቤት ሸሽተው አብረው ስላዩት የፈረስ ጉግስ ጻፈ። መልስ ጠበቀ። ውብአየሁ ደረሰ ያወራላትን እያስታወሰች መለሰች። ሌላ ጻፈ፤ ሌላ መለሰች። ወረፋ የያዘውን ሰው ካስተናገደች በኋላ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ለብርዱ ብላ የደረሰን ጃኬት ደርባ ትቀመጣለች። ጣቶቿ ቃል መበደሩን ተዉት፤ የደረሰ አነጋገር ከራሷ ይመጣ ጀመር። አንድ ቀን ወገኔ «ሚስትህስ እንዴት ናት?» ብሎ ጠየቀ። «ውብአየሁ ደህና ናት፤ ትሰፋለች። ትንሽ ከስታለች» ብላ ጻፈች። የጻፈችውን መልሳ አነበበች። መክሳቷን ያየው ማነው? ቢሆንም አልሰረዘችውም። ላከችው።

«በሚመጣው ሳምንት ፈቃድ አገኛለሁ» ሲላት «ዝናቡ ይለፍ፣ መንገዱ ጭቃ ነው» አለችው። መንገዱ አስፋልት ነው። እሱ መጥቶ መርዶውን ከሰማ ደረሰ መጻፍ እንደሚያቆም ታውቃለች። ዩኒፎርሙ ተከምሮ ቀረ፤ ወላጆች መጥተው ተቆጡ። አባ ጎሹ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አስቁመው «ምነው ጠፋሽ?» ሲሏት «ሥራ በዝቶብኝ ነው አባ» አለቻቸው።

በዚህ መሀል ወገኔ አንድ ነገር ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር። «ምነው በአማርኛ ብቻ ትጽፍልኛለህ? የቤታችንን ቋንቋ ረሳኸው?» ሁለቱ ወንድማማቾች ያደጉት በአገውኛ ነው። ውብአየሁ የዳንግላ ከተማ ልጅ ናት፤ ከሰላምታ አልፋ አታውቅም። «ኪቦርዱ አስቸግሮኝ ነው» እያለች ታልፈዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ ተመለሰ፤ ማሽኑ ተነሥቶ የሚያደርገውን አደረገ። በማግስቱ «ጢን» አለና የወገኔ መልእክት ገባ። ከፈተችው። ፊደሉን ታውቀዋለች፤ የምታነበው ግን አልገባትም። ከላይ እስከ ታች በአገውኛ ነው። ከሥሩ ደግሞ ወገኔ የሚመልስለት መልእክት ተያይዟል፤ እሱም በአገውኛ ነው። የላኪው ስም ደረሰ ይላል።

እሷ ይህን አልጻፈችም። ልትጽፍም አትችልም።

ጃኬቱን ከትከሻዋ ላይ አወረደች። ወደ ውጭ ወጣችና ፀጋውን ከመናኸሪያው ፈልጋ አመጣችው፤ እሱ ሁለቱንም ቋንቋ ይናገራል። መነጽር ስለሌለው ስክሪኑ ላይ ተደፍቶ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቀስ ብሎ አነበበ።

«እናታችን በምትጠራኝ ስም ጠራኸኝ፤ ከእሷ ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝ የለም ይላል» አለ። «የመቃብሯን ፎቶ አየሁት ይላል። ድንጋዩ ላይ ስሜን ከስምህ አስቀድመህ አስቀርጸሃል። አልቀበርኳትም ብዬ ራሴን ስቀጣ የኖርኩትን ፈታህልኝ፤ ዝናብ ቢሆን ባይሆን ቅዳሜ እነሣለሁ ይላል።» ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ነሽ የጻፍሽለት?»

«እኔ አገውኛ አልችልም ጋሽ ፀጋው።»

ሁለቱም ማሽኑን አዩት። ፀጋው አማተበ።

ውብአየሁ ግን ያን ቀን አልሸሸችም። የተላኩት የሚቀመጡበትን ፎልደር ከፈተችና መልእክቱን አገኘችው። የተጻፈበት ቀን ደረሰ ወደ ጫግኒ ከመውረዱ በፊት ነው። ከመጀመሪያው ይቅርታ ቀጥሎ ሁለተኛ ጽፎ ኖሯል፤ ከእሱ ጋር የእናቱን መቃብር ፎቶ አያይዟል። ፎቶው ከባድ ነው። ያ ቀጭን መስመር ሊሸከመው ስላልቻለ መሀል ላይ እየተቋረጠ በ«ወጪ» ውስጥ ቀርቷል። ማሽኑም እንደታዘዘው መብራት በመጣ ቁጥር ሲሞክረው፣ ሲወድቅበት፣ ደግሞ ሲሞክረው ነበር። እሷ በባሏ ስም የፈጠራ ወሬ እየጻፈች ሳለ እሱ ከጎኗ እውነተኛውን ሊልክ ሲታገል ነበር። ትናንት መስመሩ ጥሩ ሆኖ ሄደለት።

ለፀጋው የጻፈችውን ሁሉ ነገረችው። አልገሠጻትም። «ልጄም ቢሆን በሌላ ሰው እጅ ስትጽፍልኝ የእሷን ድምፅ ነው የምሰማው» አለ። «ይሄ ግን አሁን ይብቃ» ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ተያይዘው ወደ አባ ጎሹ ሄዱ።

ወገኔ እንዳለው ቅዳሜ ተነሥቶ በአዲስ አበባ አድርጎ መጣ። ፀጋው ከመናኸሪያ በጋሪው ተቀበለው፤ ደረሰ ለሥራ እንጅባራ ሄዷል፣ ነገ ይመጣል ብሎ ከራሱ ቤት አሳደረው። እራት አበሉት፤ እግሩን አጠቡት። ጎህ ሲቀድ አባ ጎሹና ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ውብአየሁ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ነበረች። ወገኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሸሚዙን ይቆልፍ ነበር፤ ገና ሲያያቸው እጁ ቁልፉ ላይ ቀረ።

«ደረሰ ነው?» አለ።

«እግዜር ያጽናህ» አሉ አባ ጎሹ።

«መቼ?»

የሆነበትን ወር ነገሩት። ሰውየው ከመቀመጫው ተነሣ። «ውሸት ነው! ባለፈው ሳምንት ጽፎልኛል እኮ! ሚስቴ ከስታለች አለኝ እኮ!»

ውብአየሁ በሰዎቹ መሀል አልፋ ፊቱ ቆመች። «እኔ ነኝ ጋሼ ወገኔ» አለች። «እንዲመጡ ብዬ ነው።» እሱም አያትና እንደተቆረጠ ዛፍ ወደቀ። ያዙት።

ለቅሶው ከመጀመሪያው ቀን እኩል ሆነ። በለቅሶው ቀናት ሁሉ ወገኔ ከሰው ጋር ይናገራል፤ ውብአየሁን ግን ፊት ለፊት አያያትም። ወደ ዘንገና አብረው ሄዱ። እሱ ከሁለቱ መቃብር መሀል ተንበርክኮ እጁን ድንጋዩ ላይ፣ ሁለቱ ስም የተቀረጸበት ላይ አደረገ። በአገውኛ ብዙ ተናገረ። ምን እንዳለ ፀጋውን አልጠየቀችውም።

ሊሄድ በተቃረበ ጊዜ አንድ ረፋድ ሱቁ ድረስ መጣ። ወረፋ የያዘ ሰው አልነበረም። ወንበር ስቦ ከአጠገቧ ተቀመጠና «የቱ ነው የእሱ?» አላት።

«ሁለቱ ናቸው። የመጀመሪያውና ያ በአገውኛ የተጻፈው።»

«ሌላው ሁሉ ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው። ላጥፋው። ዲስኩም ሞልቷል።»

«አታጥፊው» አለ ወገኔ ቶሎ ብሎ። ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ «በመጀመሪያው ቀን ልቆጣሽ አስቤ ነበር። በኋላ ሳስበው፣ ሞቷል ብለሽ ብትጽፊልኝ እዚያው የቢሮ ወንበር ላይ ምን እሆን ነበር?» አለ። «ብቻ አብሮ አይቀመጥ። የእሱን ለብቻ አድርጊልኝ፤ ያንቺንም ለብቻ።»

አንድም ሰው ሳይገባባቸው ረፋዱን መልእክቶቹን ሲለዩ ዋሉ። እሷ ቁልፎቹን ትጫናለች፤ እሱ ያነባል። የደረሰ ሁለቱ መልእክቶች በአንድ ፎልደር ገቡ፤ ፎቶውም አብሯቸው። ወገኔ ፀጉሩን ሲያክክ፣ ሲስቅ፣ አንዳንዱን ደግማ እንድታሳየው ሲለምናት፣ የእሷም አንድ በአንድ ወደ ሌላው ፎልደር ሄዱ። ስለ ፍየሏ የጻፈችው ላይ ሲደርስ «ይሄን እንኳ አሳስተሽዋል፤ የወደቀችው የእኔ ፍየል ናት» አላት። ከደረሰ ሞት ወዲህ ውብአየሁ ከልቧ የሳቀችው ያኔ ነው። ሁለቱንም ፎልደር ጨምቃ በፍላሽ ገልብጣ ሰጠችው። ጽሑፍ ቦታ አይፈጅም፤ የጽሑፉ ሁሉ ክብደት ከአንዲቷ የመቃብር ፎቶ አልበለጠም።

ዛሬ ውብአየሁ ጧት ትሰፋለች፣ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ትከፍታለች። ዳታው ከተከፈተ ወዲህ ወረፋው ቀጥኗል፤ ስልክ የማይሆንላቸው እንደ ፀጋው ያሉት ግን አልቀሩም። በምትጽፈው ሁሉ ሥር የራሷን ስም ታደርጋለች። ወገኔም በራሷ ስም ይጽፍላታል።

ያን ቀን መልእክቶቹን ሲለዩ ግን አንዲት ተረፈች። «ጋሼ፣ ደርሶኛል። ቤቱ ያው ነው። ና።» የምትለው።

«ይቺስ?» አለ ወገኔ።

«የላክኋት እኔ ነኝ። ቃሉ ግን አንዱም የእኔ አይደለም።»

ወገኔ የት እንደምትገባ አልነገራትም። እሷም አላስገባቻትም። እስከ ዛሬ ድረስ ፕሮግራሙን ስትከፍት ከሁለቱም ፎልደር ውጭ፣ በዝርዝሩ ላይ ለብቻዋ ቁጭ ብላ ታገኛታለች።